የወሊድ መቆጣጠሪያ ዘዴዎች፦ አሠራራቸው፣ ጥቅማቸውና ጉዳታቸው

ከእንቁላል ማምረቻ የወጣች እንቁላል ሳትዳብር የምትቆየው ቢበዛ አንድ ቀን ነው። የወንድ ዘር ግን በሴቷ አካል ውስጥ እስከ 5 ቀን በሕይወት ሊሰነብት ይችላል። ስለዚህ በአንድ የወር አበባ ዑደት ማርገዝ የሚቻልባቸው ቀናት ስድስት ያህል ብቻ ናቸው፤ ችግሩ የትኞቹ ስድስት እንደሆኑ አስቀድሞ በእርግጠኝነት አለመታወቁ ነው። ቀን ቆጠራ ብዙዎችን የሚከዳው በዚህ ምክንያት ነው። ሌሎቹ ዘዴዎች እንቁላሏ እንዳትወጣ ያደርጋሉ፣ ዘሩ እንዳይደርስባት ያግዳሉ፣ ወይም ሁለቱንም ያጣምራሉ።

የአንድ ዘዴ አስተማማኝነት የሚለካው በሁለት ቁጥር ነው፤ ያለ እንከን ሲጠቀሙበትና ሰው በኑሮው እንደሚያደርገው ሲጠቀምበት። ምንም መከላከያ ከማይጠቀሙ 100 ሴቶች 85 ያህሉ በዓመት ውስጥ ያረግዛሉ። እንክብሉን አንድም ቀን ሳያዛንፉ ከሚወስዱ 1000 ሴቶች የሚያረግዙት 3 ገደማ ሲሆኑ፣ በተለመደው አጠቃቀም ግን ከ100 ሴቶች 7 ያህሉ ያረግዛሉ። በክንድ ቆዳ ሥር የሚቀበረው ኢምፕላንት አንዴ ከገባ የሚረሳ ነገር ስለሌለው በሁለቱም መለኪያ ከ1000 ሴቶች 1 ገደማ ነው። ዘዴ ሲመረጥ ከሁሉ አስቀድሞ ሊጠየቅ የሚገባው ተጠቃሚዋን በየቀኑ ምን አስታውሺ እንደሚላት ይመስለኛል።

እንክብል በአሜሪካ ለወሊድ መቆጣጠሪያነት የተፈቀደው በ1960 እ.ኤ.አ. ነው። የተለመደው ዓይነት ኢስትሮጅንና ፕሮጄስቲን የተባሉ ሁለት ሆርሞኖችን ይዟል። እነዚህ ከአንጎል ወደ እንቁላል ማምረቻ የሚሄደውን ትእዛዝ ያቋርጣሉ፤ የማህፀን በር ፈሳሽንም አወፍረው ዘር እንዳያልፍ ያደርጋሉ። 21 ቀን ተውጦ 7 ቀን በሚታረፍበት ጊዜ የሚፈሰው ደም ሆርሞኑ ስለተቋረጠ የሚመጣ እንጂ የተለመደው የወር አበባ አይደለም። በመርሳት ረገድ እጅግ አደገኛው ይህን የ7 ቀን እረፍት ማስረዘም ነው፤ አዲሱን እሽግ ዘግይታ የምትጀምር ሴት እንቁላል ሊወጣባት ይችላል።

እንክብል የወር አበባን ብዛትና ሕመም ይቀንሳል። የእንቁላል ማምረቻና የማህፀን ግድግዳ ካንሰርንም ይከላከላል፤ ይህ ጥቅም መውሰድ ከቆመ በኋላም ለዓመታት ይዘልቃል። በአንጻሩ በሚወሰድበት ወቅት የጡት ካንሰር ዕድልን በጥቂቱ ከፍ ያደርጋል። ይበልጥ የሚያሳስበው የደም መርጋት ነው። ከማይወስዱና እርጉዝ ካልሆኑ 10,000 ሴቶች በዓመት 2 ያህሉን የሚይዘው ይህ ችግር እንክብል በሚወስዱት ላይ ከ5 እስከ 12 ይደርሳል። ቁጥሩ ሲነገር የሚዘነጋው ግን በእርግዝናና በተለይም ከወሊድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አደጋው ከዚህም የሚበልጥ መሆኑ ነው። ያም ሆኖ ዕድሜዋ ከ35 በላይ ሆኖ ሲጋራ የምታጨስ፣ ከፍተኛ የደም ግፊት ያለባት፣ ወይም ከራስ ምታቱ በፊት ብልጭታ የሚታይበት ማይግሬን የሚይዛት ሴት ኢስትሮጅን ያለበትን እንክብል መውሰድ የለባትም። ፕሮጄስቲን ብቻ የያዘው ዓይነት ለሚያጠቡ እናቶችም ይሆናል።

በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌም ፕሮጄስቲን ነው። ብዙ ሴቶች ላይ የወር አበባን ያዛባል፣ ቆይቶም ያስቀራል፤ «ታዲያ ደሙ የት ይጠራቀማል?» የሚል ፍርሃት የሚነሳው ከዚህ ነው። የትም አይጠራቀምም፤ የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን ስስ ሆኖ ስለሚቆይ የሚፈሰው ነገር የለም። እውነተኛው ጉድለቱ ሌላ ነው፤ ከተቋረጠ በኋላ ለማርገዝ ወራት፣ አንዳንዴም ከዓመት በላይ ሊወስድ ይችላል። የአጥንት ጥግግትንም ይቀንሳል፣ ሲቆም በአብዛኛው ይመለሳል። ኢምፕላንት እንደ ዓይነቱ 3 ወይም 5 ዓመት ያገለግላል፤ ሲወጣ የመውለድ አቅም ወዲያው ይመለሳል። ሴቶች ጊዜው ሳይደርስ የሚያስወጡት በአብዛኛው ያልተስተካከለ ደም ሲያስቸግራቸው ነው።

ሉፕ ማህፀን ውስጥ ይቀመጣል። መዳብ ያለበት ዓይነት ሆርሞን የለውም፤ ከመዳቡ የሚለቀቀው ንጥረ ነገር ዘሩን ያሽመደምደዋል። 10 ዓመትና ከዚያም በላይ ይሠራል፣ ነገር ግን የወር አበባን ያበዛል፣ ቁርጠትም ይጨምራል። ሆርሞን ያለው ሉፕ በተቃራኒው ደሙን ይቀንሳል። የትኛውም ሉፕ ሲገባ ማህፀንን የመብሳት ዕድሉ ከ1000 ጊዜ 1 ያህል ነው። የመዳብ ሉፕ ጥንቃቄ የጎደለው ግንኙነት ከተደረገ በኋላ በ5 ቀን ውስጥ ከገባ ከድንገተኛ መከላከያዎች ሁሉ የላቀ ነው። ሊቮኖርጀስትሬል የተባለው ድንገተኛ እንክብል በ72 ሰዓት ውስጥ፣ ያውም ቶሎ በተወሰደ ቁጥር የተሻለ ይሠራል። የሚሠራው እንቁላሏ የምትወጣበትን ጊዜ በማዘግየት ነው፤ የተፈጠረ እርግዝናን አያስወርድም።

ጡት ማጥባትም ሦስት ነገሮች ከተሟሉ አስተማማኝ ነው፤ ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ሲሆን፣ ቀንም ሌሊትም ጡት ብቻ ሲጠባ፣ የእናትየው የወር አበባም ገና ሳይመለስ። ከሦስቱ አንዱ ሲጎድል ሌላ ዘዴ መጀመር ያስፈልጋል።

ሪፋምፒሲን የተባለው የቲቢ መድኃኒትና እንደ ካርባማዜፒንና ፌኒቶይን ያሉ የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች የእንክብልንና የኢምፕላንትን አቅም ያዳክማሉ። የመዳብ ሉፕን ግን አይነኩትም።

ኮንዶም በተለመደው አጠቃቀም ከ100 ሴቶች 13 ያህሉ ያረግዙበታል፤ ሆኖም ኤች አይ ቪንና ሌሎች የአባላዘር በሽታዎችን ከእነዚህ ዘዴዎች መካከል የሚከላከለው እሱ ብቻ ስለሆነ ከሌላ ዘዴ ጋር ደርቦ መጠቀም ይመከራል። ላቴክስ ከተባለው ጎማ የተሠራውን ኮንዶም ዘይትና ዘይት ያለበት ቅባት ያሳሳዋል።

ቋሚው ዘዴ የሴቷን የማህፀን ቱቦ ወይም የወንዱን የዘር ቧንቧ ማስቋጠር ነው። የወንዱ ቀላልና አደጋው ያነሰ ቢሆንም ብዙ ወንዶች ከወሲብ አቅም ጋር አያይዘው ይሸሹታል። ቆለጥ ሆርሞን ማምረቱን አያቆምም፤ ፈሳሹም ይወጣል፣ የሚቀረው ዘሩ ብቻ ነው። ቧንቧው ውስጥ የቀረው ዘር እስኪያልቅ 3 ወር ያህል ስለሚፈጅ፣ በምርመራ እስኪረጋገጥ ድረስ ሌላ መከላከያ መጠቀም ግድ ነው።