ምድር ስንት ዓመቷ ነው? በአማኞች ዘንድ የሚሰሙ ስሕተቶችና እውነታው

«ወጣት ምድር» የሚባለው ትምህርት ባጭሩ እንዲህ ነው። ምድር ከተፈጠረች 6,000 ዓመት ገደማ ብቻ ነው። በስድስት ቀን ተሠርታ አለቀች፤ ቀኑም የ24 ሰዓት ቀን ነው። የድንጋዩ ንብርብርና ቅሪተ አካሉ ደግሞ የኖኅ ውኃ ጥሎት የሄደ ነው። የዚህ ትምህርት አራማጆች አሜሪካ፣ ኬንታኪ ውስጥ በ2007 ትልቅ ሙዚየም ከፍተዋል። እዚያ ዳይኖሰርና ሰው ጎን ለጎን ይታያሉ። (ሌላ ካልተባለ በስተቀር ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

እኔ ክርስቲያን ነኝ። ፈጣሪ መኖሩ ላይ ጠብ የለኝም። የምጣላው ይህ ትምህርት «የጥንቱ እምነት ይኸው ነው፤ ካልተቀበልክ ክደሃል» ተብሎ ሲቀርብ ነው።

«6,000 የጥንት አባቶች ቁጥር ነው»

የየትኞቹ አባቶች? ቁጥሩን ያስፋፋው በይበልጥ የአየርላንዱ ሊቀ ጳጳስ ጄምስ አሸር ነው። በ1650 ባሳተመው ስሌት ፍጥረት የጀመረው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ4004 ነው አለ። የእኛ ሊቃውንት እንዲህ አይቆጥሩም። በባሕረ ሐሳብ፣ በቤተ ክርስቲያናችን የዘመን ቆጠራ፣ ከአዳም እስከ ክርስቶስ 5,500 ዘመን ነው። የእኛን 2018 ዓ.ም. ብንወስድ፣ 5,500 ሲደመርበት 7,518 ዓመተ ዓለም ይሆናል። አይሁድ ደግሞ ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ3761 ይጀምራሉ።

ልዩነቱ የመጣው ከትውልድ ሐረጉ ነው። አዳም ሴት የተባለውን ልጁን ሲወልድ በዕብራይስጡ 130 ዓመቱ ነው፤ በሰብዓ ሊቃናት፣ በጥንታዊው የግሪክ ትርጉም፣ 230። እንዲህ እየተጠራቀመ ልዩነቱ ከሺህ ዓመት ያልፋል። «መጽሐፍ ቅዱስ 6,000 ይላል» የሚል ሰው መጀመሪያ የትኛውን ቅጂ እንደያዘ ይንገረን። ድምሩን እንደሆነ መጽሐፉ ራሱ የትም አልጻፈውም።

ሐቁን አልደብቅም። አብዛኞቹ አባቶች ዓለም ገና ጥቂት ሺህ ዓመቷ ነው ብለው ያስቡ ነበር። ሌላ እንዲያስቡ የሚያስገድድ መረጃ በዘመናቸው አልነበረም። በጸሎተ ሃይማኖት ግን አንድም የዓመት ቁጥር አላስገቡም።

«ዳርዊን መጥቶ ነው ያበላሸው»

ይሄ ቅደም ተከተሉ ራሱ ትክክል አይደለም። ዳርዊን ስለ ዝግመተ ለውጥ የጻፈውን መጽሐፍ ያወጣው በ1859 ነው። አዳም ሴጅዊክ የአንግሊካን ካህንና የካምብሪጅ የሥነ ምድር መምህር ነበር። ጠጠርና ደለሉን የጣለው የኖኅ ውኃ ነው የሚለውን የራሱን አቋም በአደባባይ የተወው በ1831 ነው። ይኸው ሰው በኋላ የዳርዊንን ሐሳብ አጥብቆ ተቃውሟል። ምድር አሮጊት መሆኗን የነገረው ዳርዊን አይደለም፤ ድንጋዩ ነው።

የድንጋዩን ንብርብር በኖኅ ውኃ የሚያስረዳው ዘመናዊው «የጥፋት ውኃ ሥነ ምድር» ደግሞ የ20ኛው ክፍለ ዘመን ልጅ ነው። በ1923 ያቀነባበረው ጆርጅ ማክሬዲ ፕራይስ የሚባል አድቬንቲስት ነው፤ ሥነ ምድርን ራሱን በራሱ ያስተማረ። በሌሎች ወንጌላውያን ዘንድ የገነነው ከ1961 ወዲህ ነው፤ አንድ የብሉይ ኪዳን መምህርና አንድ የውኃ መሐንዲስ ሐሳቡን አድሰው ካሳተሙት በኋላ። ከዚያ በፊት ዊልያም ጄኒንግስ ብራያን እንኳ፣ በ1925 በቴነሲ ችሎት ዝግመተ ለውጥን ሊያስወግዝ የቆመው ሰው፣ የፍጥረት ቀኖች ረዣዥም ዘመናት ሊሆኑ እንደሚችሉ ተቀብሎ ነበር።

«የካርበን ልኬት አይታመንም»

የምድር ዕድሜ በካርበን አይለካም። ካርበን 14 በየ5,730 ዓመቱ ግማሹ ይጠፋል። ከ50,000 ዓመት ገደማ በኋላ የሚለካ ነገር አይተርፍም። ስለዚህ «ካርበን ዳይኖሰርን በትክክል አይለካም» ብሎ መከራከር፣ በወርቅ ሚዛን የጤፍ ኩንታል አልመዘን አለ ብሎ ሚዛኑን እንደ መክሰስ ነው።

ለረዥም ዘመን ሌሎች ልኬቶች አሉ። ዩራኒየም 238 ቀስ በቀስ ወደ እርሳስ ይለወጣል፤ ግማሹ ለመለወጥ 4.47 ቢሊዮን ዓመት ይፈጅበታል። ክሌር ፓተርሰን የሚባል ሳይንቲስት በ1956 ከሰማይ በወደቁ ድንጋዮች ውስጥ ያለውን እርሳስ ለክቶ 4.55 ቢሊዮን ዓመት አገኘ። ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ እምብዛም አልተነቃነቀም። የድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመትም የአጥንቷ ልኬት አይደለም። ሐዳር ላይ ከቅሪቷ በላይና በታች ባለው የእሳተ ገሞራ አመድ ውስጥ የተጠራቀመው አርጎን፣ ማለትም በድንጋዩ ውስጥ ያለ ፖታሲየም ቀስ በቀስ ሲለወጥ የሚሆነው ጋዝ፣ ተለክቶ ነው።

«አርጎኑ ትክክል እንደሚናገር በምን ታወቀ?» ጥሩ ጥያቄ። በ79 ዓ.ም. የፈነዳውን የጣልያኑን ቬሱቪየስ ተራራ ድንጋይ በዚሁ ዘዴ በ1997 ለኩት። ልኬቱ 1,925 ዓመት አለ፤ የስሕተት ወሰኑ 94 ዓመት ነው። በታሪክ የታወቀው 1,918 ነበር።

የወጣት ምድር አራማጆች ራሳቸው ጉዳዩን ለስምንት ዓመት አጥንተው በ2005 ውጤት አውጥተዋል። ዩራኒየምን የመሰሉ ነገሮች ዛሬ በሚለወጡበት ፍጥነት ከሆነ በድንጋዮቹ ውስጥ የመቶ ሚሊዮኖች ዓመት መለወጥ እንደሚታይ አመኑ። መውጫቸው «ያኔ ፍጥነቱ በተአምር ጨምሮ ነበር» የሚል ሆነ። ችግሩ፣ ያ ሁሉ በአጭር ጊዜ ቢሆን የሚለቀቀው ሙቀት ምድርን ያቀልጣታል። ይህንንም ያልተፈታ ችግር ነው ብለው ራሳቸው ጽፈዋል። ለሐቀኝነታቸው አከብራቸዋለሁ። ግን ኖኅ በየትኛው ጥላ ሥር እንደተረፈ አይገባኝም።

«ቅሪተ አካሉን ያከማቸው የኖኅ ውኃ ነው»

ለዚህ ኬንታኪ መሄድ አያስፈልግም። ከጎሐ ጽዮን ወደ ደጀን የሚወስደውን የዓባይ በረሃ መንገድ መውረድ ይበቃል። ከታች የአሸዋ ድንጋይ አለ። በላዩ ጀሶ ያለበት ንብርብር። ቀጥሎ የባሕር እንስሳት ቅሪት የያዘ የኖራ ድንጋይ። ከዚያ እንደገና የአሸዋ ድንጋይ። አናቱ ላይ ባዝልት፣ ማለትም ቀልጦ የፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ።

የባሕር ቅሪት በደጋ መገኘቱ ለብዙ ሰው የጥፋት ውኃ ማስረጃ ይመስላል። ጀሶውን ግን ልብ በሉት። (እንጀራ ውስጥ ቀላቀሉ ተብሎ ስንት የተወራበት ያው ጀሶ ነው።) ጀሶ እንዲህ በንብርብር የሚጠራቀመው የባሕር ውኃ በፀሐይ ሲተን ነው። ዓለምን ሁሉ ያጥለቀለቀ ጎርፍ መሃል ላይ ቆሞ ሊተን፣ ጀሶ ጥሎ፣ ተመልሶ ሊሞላ አይችልም። በላዩ ያለው ባዝልት ደግሞ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በተደጋጋሚ የፈሰሰ ነው። በየፍሰቱ መካከል ብዙ ቦታ ቀይ አፈር ይታያል። ድንጋይ አየርና ዝናብ እየመታው አፈር እስኪሆን ድረስ ቀጣዩ ፍሰት አልመጣም ማለት ነው። ይህ በአንድ ዓመት ጎርፍ አይሆንም።

የኖኅን ታሪክ አልክድም። ድንጋዩ የዚያ ውኃ ሥራ አይደለም ነው የምለው። ዘፍጥረትም የድንጋይ ንብርብር ተሠራ አይልም።

«የከዋክብቱ ብርሃን በመንገድ ላይ እንዳለ ተፈጠረ»

በ1987 አንድ ኮከብ ሲፈነዳ ታየ። ከእኛ ያለው ርቀት ብርሃን በ168,000 ዓመት ገደማ የሚጓዘው ነው። ዓለም 6,000 ዓመቷ ከሆነ ያ ብርሃን ከኮከቡ ተነሥቶ አያውቅም። ያ ፍንዳታም አልተከናወነም፤ እግዚአብሔር ያልሆነውን ነገር እንደ ሆነ አድርጎ አሳየን ማለት ነው። እኔን ከሳይንሱ ይበልጥ የሚያስጨንቀኝ ይሄ ነው። ሰማያት የእግዚአብሔርን ክብር ይናገራሉ ብለን እየዘመርን፣ የሚናገሩት ሐሰት ነው ልንል?

«ቀኑ 24 ሰዓት ካልሆነ መጽሐፍ ቅዱስ ይፈርሳል»

ፀሐይ የተፈጠረችው በአራተኛው ቀን ነው። ታዲያ የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀኖች በምን ተለኩ? ቅዱስ ባስልዮስ ቀኑን እንደ ተራ ቀን አነበበው። አውግስጢኖስ ግን ሁሉም ባንድ ጊዜ ተፈጠረ፣ የቀኖቹ ነገር ለእኛ ይከብዳል አለ። ማንም መናፍቅ አላለውም። ይኸው ሰው ክርስቲያኖች ስለ ሰማይና ምድር ያልሆነ ነገር በመጽሐፍ ስም ሲናገሩ፣ አዋቂ ኢአማኒ ትንሣኤንም አብሮ እንደሚንቅ አስጠንቅቋል። መጽሐፈ ኩፋሌም አዳም «በበላህ ቀን ትሞታለህ» ተብሎ 930 ዓመት የኖረበትን ምክንያት ሲያስረዳ፣ በሰማይ ምስክርነት ሺህ ዓመት እንደ አንድ ቀን ነው ይላል።

«ሞት ከአዳም በፊት ከነበረ መስቀሉ ከንቱ ነው»

ከሁሉም ጠንካራው ይህ ነው። በሳይንስም አይመለስም።

ሮሜ 5 ሞት «ለሰው ሁሉ» ደረሰ ይላል፤ ስለ አንበሳና ስለ ሚዳቋ አያወራም። መዝሙር 103 (በሌላው አቆጣጠር 104) ግልገል አንበሶች ለመንጠቅ እያገሱ ምግባቸውን ከእግዚአብሔር ይለምናሉ ይላል። መዝሙሩ ይህን የሚያነሣው በምስጋና ነው፤ የእርግማን ውጤት አላደረገውም።

ሰውስ? ለፍሬምናጦስ፣ ለአባ ሰላማ ከሣቴ ብርሃን፣ ጵጵስና የሰጠው ቅዱስ አትናቴዎስ ስለ ሥጋዌ በጻፈው ላይ ሰው በባሕርዩ ሟች እንደሆነ፣ ከጥፋት የሚጠብቀው የእግዚአብሔር ጸጋ እንደነበር ያስተምራል። በኃጢአት ያጣው ያንን ጸጋ ነው። ገነት ውስጥ ዕፀ ሕይወት ያስፈለገውም ለዚህ ይመስለኛል። እንዲህ ከሆነ ከአዳም በፊት የሞቱት እንስሳት የመስቀሉን ዋጋ አይነኩትም።

የሚከብደው አዳም ራሱ ነው። ኦሞ ሸለቆ፣ ኪቢሽ የተገኘው የሰው ቅሪት በ2022 በተደረገው ልኬት ቢያንስ 230,000 ዓመት ገደማ ነው። አንዳንድ የነገረ መለኮት ሰዎች አዳምን ከሌሎች ሰዎች መካከል የተጠራ ራስ ያደርጉታል። ሌሎች የመጀመሪያዎቹን ጥንዶች እጅግ ሩቅ ዘመን ላይ ያስቀምጧቸዋል። እኔ ወደ መጀመሪያው አዘነብላለሁ፤ ጳውሎስ በአቴና «ከአንድ» የሰው ወገን ሁሉ ተፈጠረ ያለው ግን ሐሳቤን ያስቸግረዋል።