«ቁና ቁና ተነፈሰ»፦ ትርጉሙና አመጣጡ

ዳገት በሩጫ የወጣ፣ ከባድ ሸክም ያወረደ ወይም በንዴት የጦፈ ሰው «ቁና ቁና ይተነፍሳል» ይባላል። ደረት ከፍ ዝቅ እስኪል በረጅሙና በከባዱ መተንፈስ ማለት ነው።

ቁና የእህል መስፈሪያ ነው፤ «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረትም የሚያወራው ስለዚሁ ነው። አማርኛ የመጠን ቃል ሲደግም «ለእያንዳንዱ» ማለቱ ነው። «ሁለት ሁለት ስጣቸው» ካልን ለእያንዳንዳቸው ሁለት ይደርሳቸዋል። «ቁና ቁና»ም እንደዚሁ በእያንዳንዱ ትንፋሽ አንድ ቁና አየር እየሰፈሩ ማስገባትና ማስወጣት ነው። መጠኑ ተጋኗል፤ ይሁን እንጂ አባባሉ የሚናገረው ስለ ትንፋሹ ፍጥነት ሳይሆን ስለ ስፍሩ ነው። ለፍጥነቱ ሌላ ቃል አለን፦ ማለክለክ። ሁለቱን እያምታታን መጠቀማችን ያሳዝናል፤ ምክንያቱም ልዩነታቸው ሳንባ ውስጥም አለ።

ያረፈ ጎልማሳ በአንድ ትንፋሽ 500 ሚሊ ሊትር ገደማ አየር ይስባል። ከሳንባ ሥር የተዘረጋው ጡንቻ፣ ዲያፍራም፣ ተኮማትሮ ወደ ታች ይወርዳል፤ የጎድን አጥንቶች ይነሳሉ፤ ደረት ሲሰፋ የውስጡ ግፊት ከውጭው ያንስና አየር ይገባል። ከገባው ውስጥ 150 ሚሊ ሊትር ያህሉ ግን ከአፍንጫ ጀምሮ እስከ ቀጫጭኖቹ ቧንቧዎች ባለው መተላለፊያ ላይ ይቀራል። እዚያ ኦክስጅን ወደ ደም አይገባም፣ ካርቦን ዳይኦክሳይድም ከደም አይወጣም። ልውውጡ የሚካሄደው ከመተላለፊያው ማዶ፣ በመቶ ሚሊዮኖች በሚቆጠሩት ጥቃቅን የአየር ከረጢቶች ውስጥ ነው።

እስቲ እናስላው። በደቂቃ 12 ጊዜ፣ 500 ሚሊ ሊትር እየሳበ የሚተነፍስ ሰው 6 ሊትር ያስገባል፤ ከረጢቶቹ ጋ የሚደርሰው 4.2 ሊትር ነው። በደቂቃ 30 ጊዜ፣ 200 ሚሊ ሊትር ብቻ እየሳበ የሚያለከልክ ሰውም የሚያስገባው ያንኑ 6 ሊትር ነው። ከረጢቶቹ ጋ የሚደርሰው ግን 1.5 ሊትር ብቻ! ቀሪው መተላለፊያው ላይ ተመላልሶ ይወጣል። በእረፍት ላይ ሳለ ትንፋሹ ቶሎ ቶሎና አጭር አጭር የሆነ ሕመምተኛ በፍጥነት መታየት ያለበት አንዱ ምክንያት ይኸው ነው። ውሻ ግን ማለክለክ ይጠቅመዋል፤ አየሩን በአብዛኛው መተላለፊያው ላይ እያመላለሰ እርጥበት በማትነን ሰውነቱን ያቀዘቅዛል፣ የደሙንም ካርቦን ዳይኦክሳይድ ከልክ በላይ አያወጣም።

የሚሮጥ ሰው አንዱ ትንፋሽ 2 ሊትርና ከዚያ በላይ ይደርሳል። በእረፍት ጊዜ አየር የሚወጣው ሳንባ እንደ ላስቲክ በራሱ ሲሰበሰብ ነው፤ በሩጫ ጊዜ ግን የሆድና የጎድን ጡንቻዎች ገፍተው ያስወጡታል። ቁናው በትክክል ቁና የሚሆነው ያን ጊዜ ነው።

አስም የተነሳበትን ሰው «ቁና ቁና ተነፈሰ» ብንል ግን ተሳስተናል። ቧንቧዎቹ ስለጠበቡ አየሩ ተሟጦ አይወጣም፤ ያልተገለበጠ ቁና ላይ ደግሞ መስፈር አይቻልም። ደረቱ ተነፍቶ ይታያል፣ የሚገባው አዲስ አየር ግን ጥቂት ነው። (ጤነኛ ሳንባም ቢሆን ጨርሶ ባዶ አይሆንም፤ አጥብቀን ካስወጣን በኋላ እንኳ 1.2 ሊትር ገደማ ይቀራል።)

ትንፋሽን በእውነት የሚሰፍር መሣሪያም አለ፤ ስፓይሮሜትር ይባላል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጆን ሃቺንሰን እ.ኤ.አ. በ1846 ያስተዋወቀው፣ ውሃ ላይ የተደፋ እቃ ሰው ሲተነፍስበት ምን ያህል ከፍ እንደሚል የሚለካ ነበር። ዛሬ ተመርማሪው አፍንጫው በመቆንጠጫ ይያዛል፤ ሳንባው እስኪሞላ ይስባል፣ ከንፈሩን አፍ መያዣው ላይ ይገጥማል፣ ከዚያ ባለ በሌለ ኃይሉ በአንዴ ለቆ እስኪያልቅ ይገፋል። ቢያንስ ሦስት ጥሩ ሙከራ ያስፈልጋል። በመጀመሪያው ሰከንድ የወጣው ከጠቅላላው ከ70 በመቶ ካነሰ ቧንቧው መጥበቡን ያመለክታል። በከንፈር ጎን አየር ካመለጠ ወይም ሳንባው ሳይሞላ ከተጀመረ ቁጥሩ በሐሰት ይወርዳል። ሳይጨርስ ያቆመ ሰው ደግሞ ጠቅላላው ስፍር ስለሚያንስ መቶኛው ከፍ ብሎ ይታያል፤ የጠበበው ቧንቧም ሳይታወቅ ሊያልፍ ይችላል።