‹ስቴይ ግሪን› ምንድን ነው? ማሽላ ድርቅን የሚችልበት ብልሃት

«ማሽላ እያረረ ይስቃል» እንላለን። ተረቱ የምጣዱን ነው የሚያወራው። ማሳ ላይ ግን ሌላ ጉድ አለ።

ቆላ ውስጥ ዝናቡ ነሐሴ መጨረሻ ላይ ቀጥ አለ እንበል። አንዱ ማሽላ ከታች ጀምሮ ቅጠሉ ይደርቃል፣ አገዳው ይሳሳል፣ ነፋስ ሲነካው ዘፍ ይላል። አጠገቡ ያለው፣ እዚያው አፈር ላይ፣ ቅጠሉ እንደለመለመ ፍሬውን ይሞላል። ከአበባ በኋላ ውሃ ሲጠፋ እንዲህ አረንጓዴ ሆኖ የመቆየት ጠባይ ነው በዘር አዳቃዮች ዘንድ «ስቴይ ግሪን» የሚባለው።

ውሃ ሲያጥረው ማንኛውም ማሽላ የሚያደርገው ነገር አለ። አብሲሲክ አሲድ የሚባል ሆርሞን ያመርታል። ሆርሞኑ ቅጠሉ ላይ ያሉትን፣ ውሃ በትነት የሚወጣባቸውን ደቃቅ ቀዳዳዎች ያዘጋል። ተኝተው የነበሩ ጂኖችንም ይቀሰቅሳል። ከነዚህ ጂኖች አንዳንዶቹ ሴሉ ሲደርቅ እንዳይጎዳ የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን ያሠራሉ። ቅጠሉም ይጠቀለላል። አገዳውን በጣታችሁ ብታሹት ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገር ይይዛችኋል። እሱ ሰም ነው፤ ውሃው እንዳይተን ይጋርዳል።

ግን ቀዳዳው ሲዘጋ አየርም አይገባም፤ ተክሉ ምግብ መሥራቱ ይቀንሳል። ስለዚህ ይህ መንገድ ነፍስ ያቆያል እንጂ ጎተራ አይሞላም።

ስቴይ ግሪን የሚለየው እዚህ ላይ ነው፤ እኔንም ሁሌ የሚደንቀኝ ይኸው ነው። ቁጠባውን የሚጀምረው ድርቁ ሳይመጣ ነው! ተመራማሪዎች ከዚህ ጠባይ ጋር የተያያዙ አራት ዋና ዋና የጂን ክልሎችን ለይተው ኤስቲጂ 1፣ 2፣ 3 እና 4 ብለዋቸዋል። እነዚህን የያዘ ማሽላ ከጎን የሚያወጣው ቡቃያ ያንሳል፤ የላይኞቹ ቅጠሎቹም አነስ ይላሉ። በአበባ ጊዜ የሚጠጣው ውሃ ስለሚቀንስ ቀሪው አፈር ውስጥ ይቆየዋል፤ ፍሬ ሲሞላ ያንን ይጠጣል። ነሐሴን እያሰበች ገና በግንቦት እህሏን በቁና እየሰፈረች የምታወጣ እናት ማለት ናት። አረንጓዴነቱ እንግዲህ የቁጠባው ውጤት ነው።

ዓለም ይህን ጠባይ በዋናነት የሚቀዳው ቢ 35 ከተባለ የማሽላ መስመር (አዳቃዮች ለማዳቀያ ለይተው ከያዙት ዘር) ነው። ቢ 35 የተገኘው ቴክሳስ ውስጥ በተሠራ የማዳቀል ሥራ ነው። የዘር ሐረጉ ሲቆጠር ግን የሚደርሰው አይ ኤስ 12555 የሚል ቁጥር ወደተሰጠው የኢትዮጵያ ማሽላ ነው። አውስትራሊያ ኩዊንስላንድ ውስጥ የቁጠባው ምስጢር የተጠናው በዚሁ ጠባይ ላይ ነው። ጠባዩን ላቦራቶሪ አልፈጠረውም። በየዓመቱ ጥሩውን ዘለላ ለዘር እያስቀሩ ያቆዩት ገበሬዎች ናቸው። ይህ ሲነገር ብዙ አልሰማም፤ መነገር ነበረበት።

የዱር ማሽላስ? የሱ ብልሃት ሌላ ነው። ሲደርስ ፍሬውን ያረግፋል፤ ዘሩም አፈር ውስጥ ተኝቶ ደግ ጊዜ ይጠብቃል። ለሰው ይህ አይመችም። ምሥራቅ ሱዳን ውስጥ ከ5000 ዓመት በፊት ገደማ የነበሩ ሰዎች የማይረግፈውን እየመረጡ ማላመድ እንደጀመሩ የሸክላ ስብርባሪ ላይ የቀረ የማሽላ አሻራ ያሳያል። ምርጫው እህል ሰጠን፤ ግን ብዙ ጂን ዱር ቀረ። እኛ አገር የዱሩና የማሳው ማሽላ ዛሬም ይዳቀላሉ። ገበሬው ዲቃላውን እንደ አረም ቢነቅለው አይፈረድበትም። ለአዳቃይ ግን ያ የማሳ ዳር የጂን ጎተራ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። «ድርቅ የሚቋቋም ዘር» ሲሏችሁ የትኛውን ድርቅ ብላችሁ ጠይቁ። ከአበባ በፊት የሚመጣው ድርቅና ከአበባ በኋላ የሚመጣው የሚያስነሡት ጂን ይለያያል። በኋለኛው የተመሰገነው ቢ 35 ራሱ ድርቁ ከአበባ በፊት ከያዘው ይጎዳል።