ከጅማ እስከ ዋሽንግተን፦ የበረራው ርቀትና የመንገዱ ሰዓት

ከጅማ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ ኤርፖርት ያለው ቀጥታ የአየር ርቀት 11,500 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። የሚገርመው፣ ከቦሌ ሲለካ ርቀቱ ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ ይጨምራል። ጅማ ወደ ምዕራብ ገባ ስለምትል፣ በካርታ ላይ ለዋሽንግተን የምትቀርበው እሷ ናት። ለተጓዡ ግን ይህ ቅርበት ምንም አይፈይድለትም። ከአባ ጅፋር ኤርፖርት ተነስቶ አሜሪካ የሚሄድ አውሮፕላን የለምና፣ መጀመሪያ ወደ ኋላ፣ ወደ ቦሌ መብረር ግድ ነው።

ይህ የመጀመሪያው በረራ 260 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ብዙውን ጊዜ የሚሠራበት ባለ ሁለት ፕሮፔለሩ ኪው 400 ነው፤ ከአንድ ሰዓት በታች ያደርሳል። በግቤና በወልቂጤ በኩል በመኪና የመጣ ሰው 350 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። ቀኑ እዚያው አለቀ ማለት ነው።

ጉዱ ከቦሌ በኋላ ነው። ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ ከ16 ሰዓት በላይ ይፈጃል። ሲመለሱ ግን 13 ሰዓት ገደማ ይበቃል። ርቀቱ ያው ሆኖ ጊዜው ለምን ተለያየ? ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ የሞተሩም ጉልበት፣ ክንፉ የሚሸከመውም ክብደት ይቀንሳል። መንገደኛውንና ሻንጣውን ሞልቶ፣ እስከ ዋሽንግተን የሚበቃ ነዳጅ ደርቦ መነሳት ይከብዳል። ስለዚህ አውሮፕላኑ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ይቀዳል። ማረፊያው በየጊዜው ተቀያይሯል፤ ሮምም፣ ደብሊንም፣ ሎሜም ሆኖ ያውቃል። ደለስ ግን ከፍታው 100 ሜትር አይሞላም። ከዚያ ታንኩን ሞልቶ የተነሳ አውሮፕላን አንድም ቦታ ሳያርፍ ቦሌ ይገባል። ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የሰማይ ላይ ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

የዋሽንግተኑ በረራ አብዛኛውን ጊዜ ማታ ነው። ከጅማ በጠዋት የመጣ ሰው ቦሌ ላይ ቀኑን ሙሉ ሊቀመጥ ይችላል። አሰልቺ ነው፣ ግን ይሻላል። በክረምት ደመናው ሲዋረድ የአገር ውስጥ በረራ ሊዘገይ ይችላል። ሁለቱ በረራዎች በአንድ ቲኬት ከተቆረጡ፣ የጅማው ዘግይቶ የዋሽንግተኑ ቢያመልጥ አየር መንገዱ በሌላ በረራ ያሳፍራል። ለየብቻ ከተቆረጡ ግን ኪሳራው የተጓዡ ነው።

ሰዓቱም ያሳስታል። ዋሽንግተን በበጋቸው በ7፣ በክረምታቸው በ8 ሰዓት ወደ ኋላ ትቀራለች። ቲኬት ላይ 22:30 ማለት በእኛ ከምሽቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከሁሉም የሚብሰው ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለው በረራ ነው። «ማክሰኞ 01:00» የሚል ቲኬት፣ በእኛ አነጋገር ሰኞ ለማክሰኞ ሌሊት 7 ሰዓት ነው። ማክሰኞ ማታ ሻንጣውን እየገፋ የሚመጣ ሰው አውሮፕላኑ ካመለጠው አንድ ቀን ሊሞላው ነው።