የታካሚ ራስ ሪፖርት ምንድን ነው? የእርካታ መጠይቅም፣ አፕም አይደለም

ስለ ካንሰር ሕክምናና ዲጂታል ቴክኖሎጂ በተወራ ቁጥር «የታካሚ ራስ ሪፖርት» የሚለው ስም ያለ ቦታው ይገባል። አንዱ የሆስፒታሉን የእርካታ መጠይቅ እንዲህ ይለዋል፣ ሌላው ነርሷ እየጠየቀች ታብሌት ላይ የምትሞላውን ቅጽ፣ ሌላው ደግሞ እርምጃ የሚቆጥረውን የእጅ ሰዓት። ካርድ ቶሎ ወጣልዎት ወይ ብሎ መጠየቅ ስለ አገልግሎቱ ነው፤ ሰዓቱም የሚያውቀው እንቅስቃሴን ብቻ ነው። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር በ2009 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ መሠረት ራስ ሪፖርት ማለት ታካሚው ስለ ገዛ ጤናው በቀጥታ የሚሰጠው፣ ሐኪምም ሆነ ሌላ ማንም ሰው ያልተረጎመው መልስ ነው።

ዋናው ነገር ያለው «ማንም ያልተረጎመው» የሚለው ላይ ነው። እኛ ዘንድ ሰው ሐኪም ፊት ቀርቦ «እንዴት ነዎት?» ሲባል «እግዚአብሔር ይመስገን፣ ደህና ነኝ» ይላል። ሌሊቱን ሙሉ ሲያስመልሰው ያደረ ሰውም እንዲሁ ይላል። ነርሷ ፊቱን አይታ «ማቅለሽለሽ፦ መለስተኛ» ብላ ከጻፈች የተመዘገበው የእሷ ግምት ነው። ዋሽንግተን ወይም ቴል አቪቭ ቋንቋውን ለማይችሉ እናቱ መጠይቁን የሚሞላ ልጅም ብዙ ጊዜ የሚጽፈው የራሱን ግምት ነው። ማንበብ ለማይችል ሰው ጥያቄውንና አማራጮቹን እንደተጻፉ አንብቦ ያለውን ምልክት ማድረግ ይፈቀዳል። «ያን ያህል እንኳ አይደለም፣ አይደል?» ማለት ግን አይቻልም።

«ይህ የግል ስሜት እንጂ ማስረጃ አይደለም» የሚሉ አሉ። ፓክሊታክሰል ወይም ኦክሳሊፕላቲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የሚወስድ ሰው ጣቱ ደንዝዞ የሸሚዙን ቁልፍ መቆለፍ ካቃተው ይህን የሚነግር የደም ምርመራ የለም። የሚያውቀው ባለጣቱ ነው። የአሜሪካ ብሔራዊ የካንሰር ኢንስቲትዩት ያዘጋጀው ፕሮ-ሲቲሲኤኢ የተባለው መሣሪያ 78 ምልክቶችን በ124 ጥያቄዎች ይዟል። ሁሉንም ለአንድ ሰው የሚያቀርብ የለም፤ ለመድኃኒቱ የሚስማሙት ተመርጠው ነው። ስለ ምልክቱ ክብደት ሲጠይቅም ባለፉት 7 ቀናት በጣም በከፋበት ጊዜ እንዴት እንደነበር ነው፤ መልሱም «አልነበረም»፣ «መለስተኛ»፣ «መካከለኛ»፣ «ከባድ» ወይም «እጅግ ከባድ» ነው።

እነዚህ 7 ቀናት ብዙ ቦታ የሚረሱ ናቸው። በየ21 ቀኑ ኬሞ የሚወስድ ሰው ነጭ የደም ሴሉ ዝቅ የሚለው ባመዛኙ ከ7ኛው እስከ 14ኛው ቀን ነው፤ ማስመለሱ ደግሞ የሚከፋው በመጀመሪያዎቹ ቀናት ነው። በ21ኛው ቀን ሲመጣ አገግሟል። መጠይቁ የሚሞላው ክሊኒክ ሲመጣ ብቻ ከሆነ፣ የ7 ቀን ጥያቄ የሚይዘው ከዑደቱ ሁሉ የተሻለውን ሳምንት ነው። ከዚያ «ታካሚዎቻችን ችግር የለባቸውም» የሚል ግራፍ ይወጣል። ስለዚህ መጠይቁ በየሳምንቱ ቤት ድረስ መሄድ አለበት። ስማርት ስልክ ለሌለው ሰው ጥያቄውን በድምፅ የሚያሰማ የስልክ ጥሪ ይበቃል፤ ታካሚው ቁጥር ተጭኖ ይመልሳል።

አሁን ወደ ትልቁ ስሕተት። «አፕ ዕድሜ ያራዝማል» የሚሉ ሰዎች የሚጠቅሱት በኒውዮርኩ ሜሞሪያል ስሎን ኬተሪንግ ካንሰር ማዕከል ኢታን ባሽና ባልደረቦቹ በ766 ታካሚዎች ላይ የሠሩትን ጥናት ነው። በ2017 እ.ኤ.አ. እንደታተመው ምልክታቸውን በኮምፒውተር ያሳወቁት ታካሚዎች የሕይወት ቆይታ መካከለኛ ቁጥር 31.2 ወር፣ የተለመደውን ክትትል ብቻ ያገኙት ደግሞ 26 ወር ነበር። ጠቃሾቹ የሚዘሉት ግን ማሽኑ ብቻውን እንዳልነበረ ነው። ከ12ቱ ምልክቶች አንዱ በ2 ነጥብ ሲብስ ወይም «ከባድ» ደረጃ ሲደርስ ለነርሷ ኢሜይል ይሄድ ነበር፤ እሷም ትደውላለች፣ መድኃኒት ይስተካከላል፣ ካስፈለገም ታካሚው ይጠራል።

ነገሩ እንደ ኡኡታ ነው። ሌሊት ቤቱን ሌባ የደፈረው ሰው ኡኡ ሲል ጎረቤት ዱላውን ይዞ ይወጣል፤ ሌባውን የሚያባርረው የወጣው ጎረቤት ነው። አፑ ጩኸቱን ያደርሳል እንጂ ዱላ አይዝም። ድመት ባለፈች ቁጥር ኡኡ ከተባለ ደግሞ መንደሩ መስማት ይተዋል፤ የማስጠንቀቂያው ገደብ በጣም ዝቅ ሲል ነርሶች ላይ የሚደርሰው ይኸው ነው። ሁሉም ሰምቶ «ሌላው ወጥቶ ይሆናል» ብሎ የሚተኛበትም ሌሊት አለ። ለዚህ ነው ማስጠንቀቂያው ለ«ክፍሉ» ሳይሆን ስሟ ለተጻፈ ተረኛ ነርስ፣ ቅዳሜና እሑድንም ጨምሮ፣ መድረስ ያለበት።

ቀጥሎ በ52 የአሜሪካ ክሊኒኮች 1,191 ታካሚዎች የተሳተፉበት ጥናት ተደረገ። ምልክታቸውን ያሳወቁት ታካሚዎች የአካል ብቃታቸውና የኑሮ ጥራታቸው ተሻሻለ፣ የድንገተኛ ክፍል ጉብኝታቸውም ዘገየ፤ በሕይወት ቆይታ ላይ ግን ልዩነት አልታየም። ለእኔ ሕመምንና ድካምን መቀነሱ ብቻ ይበቃል፤ ለመሸጥ ሲባል «ዕድሜ ያራዝማል» ማለት ግን ታካሚን ማታለል ነው።

አማርኛን በተመለከተ፣ የአውሮፓ የካንሰር ምርምርና ሕክምና ድርጅት 30 ጥያቄዎች ያሉት የኑሮ ጥራት መጠይቅ የአማርኛ ቅጂ አለው፣ በኢትዮጵያ ታካሚዎችም ተፈትሿል። የራስን ትርጉም ከመፍጠር በእሱ መጠቀም ይሻላል፤ ግን የተሠራው የኑሮ ጥራትን ለመለካት እንጂ ነርስን ለመቀስቀስ አይደለም። ባመዛኙ ከ1 እስከ 4 የሚሄደውን የእሱን መልስ ከ0 እስከ 4 ከሚሄደው ከፕሮ-ሲቲሲኤኢ ጋር አንድ ሠንጠረዥ ውስጥ መደባለቅም ሁለቱንም ያበላሻል።

መድኃኒቱ እንዳይቆምባቸው ሰግተው ምልክታቸውን የሚያሳንሱ አሉ፤ መልሳቸው በአብዛኛው መጠን ለማስተካከልና ማስታገሻ ለመስጠት እንደሚያገለግል ከመጀመሪያው ይነገራቸው። ሳይሞላ የቀረ ሳምንትም እንደ «ደህና» አይቆጠር፤ ብዙ ጊዜ ዝም የሚሉት በጣም የታመሙት ናቸው፣ በማግስቱ መደወል ይገባል። ትኩሳት ደግሞ መጠይቅ አይጠብቅም። ኬሞ ላይ ያለ ሰው አንድ ጊዜ 38.3፣ ወይም ለአንድ ሰዓት የዘለቀ 38 ዲግሪ ከለካ ወዲያው መደወልና መሄድ አለበት፤ ይህ መመሪያና የሚደወልበት ቁጥር ከጥያቄዎቹ ሁሉ በፊት መጀመሪያው ገጽ ላይ ይቀመጥ።