ኮራል ሲታመም የሚሰጡ ምክሮችና እውነታው

ቤቱ የባሕር ውሃ አኳሪየም ያለው ሰው ኮራሉ ሲከፋበት መጀመሪያ የሚያደርገው ሱቅ ሮጦ አንድ ጠርሙስ ገዝቶ መጨመር ነው። ቢተዉት ይድን የነበረ ብዙ ኮራል የሚያልቀው በዚህ ጥድፊያ ነው ባይ ነኝ። እስቲ ከሰው ሰው የሚዞሩትን ምክሮች እንያቸው።

«ነጭ ሆኗል፤ በቃ ሞቷል።»
ቆይ፣ አትጣሉት! ኮራል እንስሳ ነው። ሥጋው ውስጥ ዙዛንቴሌ የሚባሉ ጥቃቅን አልጌዎች ይኖራሉ፤ ከብርሃን የሚሠሩትን ምግብ ያካፍሉታል፣ ቡናማ ቀለሙም በአብዛኛው የነሱ ነው። ሙቀት ወይም ብርሃን ሲበዛበት አልጌዎቹን ያጣና ይነጣል። ሥጋው ግን እዚያው ነው። የእጅ ባትሪ አብርታችሁ ጠጋ ብላችሁ እዩት። አጽሙን የሸፈነ ስስ፣ ብርሃን የሚያሳልፍ ሥጋ ካለ፣ አፉም ከታየ፣ በሕይወት አለ፤ የራበው ነው። ብርሃኑን ቀንሱለት፣ ሙቀቱን 25 ወይም 26 ዲግሪ ላይ አርጉት፣ ምግብ የሚይዝ ዓይነት ከሆነ ደግሞ ማታ ማታ ትንሽ ትንሽ አብሉት። ሳምንታት ይፈጃል። ሥጋው ተልጦ ባዶ አጽም ከታየ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አክሮፖራ የሚባለውን ባለ ቅርንጫፍ ኮራል እንዲህ ያለው መላጥ በሰዓታት ሊጨርሰው ስለሚችል ጤነኛውን ጫፍ ቆርጦ በሱፐር ግሉ ሌላ ድንጋይ ላይ መለጠፍ ነው የሚያዋጣው።

«ብርሃን ጨምርለት።»
የፈዘዘ ኮራል ሁሉ ብርሃን ያነሰው አይደለም። ብዙ ጊዜ ተቃራኒው ነው፣ በተለይ አዲስ ኤልኢዲ ከተገጠመ በኋላ። ከላይ ነጥቶ ጥላ ያረፈበት ጎኑ ቀለሙን ከያዘ፣ በዝቶበታል። ከጠቆረና ወደ ላይ ከተመዘዘ አንሶታል። ስትቀይሩም በአንዴ ሳይሆን በየሳምንቱ ጥቂት ጥቂት።

«ናይትሬትና ፎስፌት ዜሮ መሆን አለባቸው።»
ይቺ የድሮ ምክር ናት፤ እስካሁን አልሞተችም። ሁለቱ ከዓሣ ምግብና ቆሻሻ የሚመጡ ንጥረ ነገሮች ናቸው፤ ኮራሉም ውስጡ ያሉት አልጌዎችም ሁለቱንም ይፈልጋሉ። ናይትሬት ከ2 እስከ 10 ሚሊግራም በሊትር፣ ፎስፌት ከ0.03 እስከ 0.1 አካባቢ ቢሆን ለብዙ ኮራል ይስማማል። ሁለቱም ሲጠፉ ኮራሉ ይገረጣል፤ አሸዋው ላይም ዳይኖፍላጀሌት የሚባለው፣ አረፋ የያዘ ቡናማ ንፍጥ የመሰለ ነገር ሊነግሥ ይችላል። እሱን ማጥፋት ደግሞ ፎስፌት እንደመቀነስ ቀላል አይደለም።

«ቁጥሩ ከወረደ ዛሬውኑ አስተካክለው።»
ብዙ ሰው የሚወድቀው እዚህ ላይ ነው። አልካሊኒቲ፣ ማለትም ውሃው አሲድን የመቋቋም አቅሙ፣ በተፈጥሮ ባሕር 7 ዲኬኤች (መለኪያው ነው) ገደማ ነው፤ ቤት ውስጥ ከ7 እስከ 11 ይይዙታል። 8ም ጥሩ ነው፣ 9ም ጥሩ ነው። ክፉው በአንድ ሌሊት ከ7 ወደ 10 መዝለል ነው፣ በተለይ ናይትሬትና ፎስፌት ወደ ዜሮ በተጠጉበት ውሃ ውስጥ የአክሮፖራውን ጫፎች ያቃጥላል። በቀን ከ1 ዲኬኤች በላይ አትጨምሩ።

ደግሞ ካልሲየም ከመጨመራችሁ በፊት ጨዋማነቱን ለኩ። የባሕር ውሃ በሊትር 35 ግራም ገደማ ጨው አለው። የእናንተ 30 ላይ ከሆነ በሊትር 420 ሚሊግራም መሆን የነበረበት ካልሲየም 360 ይወጣል፣ ማግኒዥየሙም አብሮ ይወርዳል፤ እናንተ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም እያላችሁ ጠርሙስ ስታሰልፉ የጎደለው ተራ ጨው ነው! መለኪያውንም አትመኑት። ጨዋማነትን በብርሃን የሚለካው ሪፍራክቶሜትር፣ ጨዋማነቱ 35 በሆነ ማስተካከያ ፈሳሽ ካልተስተካከለ ሊያሳስት ይችላል፣ ክንዱ እየተነሳ ጨዋማነቱን የሚያሳየው የፕላስቲክ መለኪያማ ይባስ።

«የቧንቧውን ውሃ አሳድሬዋለሁ፣ ክሎሪኑ ወጥቷል።»
ክሎሪን እሺ። ክሎራሚን የሚባለው የክሎሪንና የአሞኒያ ውሁድ ግን ስላደረ አይወጣም። ለምሳሌ ዋሽንግተን ዲሲና አካባቢው ያላችሁ ወገኖች፣ የቧንቧ ውሃችሁ አብዛኛውን ዓመት የሚታከመው በክሎራሚን ነው። ከቧንቧው የሚመጣ መዳብም አለ፤ ዓሣው ቢችለው እንኳ ኮራሉ አይችለውም። መፍትሔው በውሃው የሟሙትን ነገሮች የሚያስቀረው አርኦ ዲአይ የሚባለው ማጣሪያ ነው፣ ለክሎራሚን ከሚሆን የከሰል ካርትሪጅ ጋር። የሟሙ ነገሮችን መጠን የሚያሳየው ቲዲኤስ መለኪያ ዜሮ አለ ብላችሁ አትዘናጉ፤ ክሎሪንን አያሳይም።

«ተኮማትሯል፣ ታሟል» የሚባለውስ? ሌዘር ኮራል (ቆዳ የመሰለው ለስላሳ ኮራል) ከሆነ አንዳንዴ ለቀናት ተዘግቶ ሰም የመሰለ ቆዳ ይጥላል። ጤነኛ ነው። የውሃውን እንቅስቃሴ ትንሽ ጨምሩለትና ተዉት።

«ዲፕ አድርጌዋለሁ፣ ተባይ የለውም።»
ዲፕ ማለት አዲስ ኮራልን ተባይ የሚገድል መድኃኒት ውስጥ መንከር ነው። መድኃኒቱ ትሉን እንጂ እንቁላሉን አይገድልም። አክሮፖራ የሚበላው ጠፍጣፋ ትል እንቁላሉን የሚጥለው ከግርጌው፣ ሥጋ በሌለበት አጽም ላይ ነው። እዚያ ፈልጋችሁ ፋቁት። ኮራሉ ተለጥፎ የመጣበትን ትንሽ መሠረት ብትጥሉት ደግሞ የተሻለ ነው፤ ከቻላችሁም አዲሱን ኮራል ለብቻው አቆዩት።

የመጨረሻው አደገኛ ነው፦ «የታመመውን ኮራል ከድንጋዩ ለማጥፋት ድንጋዩን ቀቅለው።»
በፍጹም! ዞአንቲድና ፓሊቶአ ከሚባሉት፣ ድንጋይ ላይ ከሚበቅሉ የኮራል ዘመዶች አንዳንዶቹ ፓሊቶክሲን የሚባል ከባድ መርዝ አላቸው። ድንጋዩን አፍልተው ወይም በሙቅ ውሃ ፈትገው ከነቤተሰባቸው ሆስፒታል የገቡ ሰዎች አሉ፤ መርዙ ከእንፋሎቱ ጋር ይተነፈሳል። ስትነኩ ጓንትና መነጽር አድርጉ፣ ውሃ ውስጥ እንዳለ ያዙት፣ እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ደግሞ ተዉት። ከነካካችሁ በኋላ ትኩሳት፣ ሳል፣ የትንፋሽ ማጠር ወይም የጡንቻ ሕመም ከመጣ ቶሎ ሐኪም ቤት ሂዱ። አኳሪየም እንዳላችሁና ፓሊቶክሲን ሊሆን እንደሚችል ራሳችሁ ንገሯቸው፤ ካልነገራችኋቸው ጉንፋን ሊመስላቸው ይችላል።