ወደ ሰሜን ሸዋ አጭር ጉዞ፦ መንገዱ፣ ብርዱና ወጪው

ሰሜን ሸዋ ሲባል መጀመሪያ "የቱ?" ብሎ መጠየቅ ነው። በዚህ ስም የሚጠሩ ሁለት ዞኖች አሉ። አንዱ በኦሮሚያ ክልል ነው፤ ዋና ከተማው ፍቼ ሲሆን ጎብኚ በደብረ ሊባኖስ ገዳም ያውቀዋል። ሌላው በአማራ ክልል ነው፤ ዋና ከተማው ደብረ ብርሃን። ወደ ሁለቱም ከአዲስ አበባ ይኬዳል፤ መንገዳቸው ግን ለየቅል ነው። ወደ ፍቼ በሱሉልታ፣ ወደ ደብረ ብርሃን በሰንዳፋ በኩል ይወጣል። "ሰሜን ሸዋ ገብቻለሁ፣ የት ልጠብቃችሁ?" ብሎ ፍቼ ላይ ሆኖ የደወለልን እንግዳ ስላለ ነው ከዚህ የጀመርኩት። ከዚህ በታች የሚወራው ስለ ደብረ ብርሃኑ ሰሜን ሸዋ ነው።

ደብረ ብርሃን ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ነው። መኪና ከላምበረት መናኸሪያ ይነሳል። ሰንዳፋን፣ አለልቱንና በቅቤዋ የታወቀችውን ሸኖን አልፎ ነው ወደ አማራ ክልል የሚገባው። ይህ የጉዞው ርካሹ ክፍል ነው። መኪና አይጠፋም፣ ታሪፉም ይታወቃል። በጀት የሚያወጡ እንግዶች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። የ130 ኪሎ ሜትሩን ዋጋ ያዩና የቀረውንም በዚያው ያሰላሉ። ኪስ የሚያራቁተው ግን ዋናውን መንገድ ከለቀቁ በኋላ ያለው ነው። ወደ ገጠር ወረዳዎች የሚሄደው ቅጥቅጥ ወይም ሃይሩፍ ሲሞላ ነው የሚነሳው። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቁጥሩ ይመናመናል። የመጨረሻው መኪና ካመለጠ ያለው ምርጫ ሁለት ነው፦ ኮንትራት መያዝ ወይም ማደር። እኔ ራሴ አንኮበር ላይ ፎቶ ሳነሳ አምልጦኝ ለመመለሻ የከፈልኩት፣ የሄድኩበትን ብዙ እጥፍ ነበር። ስለዚህ መመለሻ መኪና ስንት ሰዓት እንደሚነሳ ገና ሲደርሱ ሾፌሩን መጠየቅ ነው።

በራሱ መኪና ለሚመጣ ስሌቱ ቀላል ነው። ከአዲስ አበባ አንኮበር 172 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ ደርሶ መልስ 344። በሊትር 10 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና 35 ሊትር ያህል ይፈልጋል። ዳገቱና ቁልቁለቱ ስላለ አምስት ሊትር መጨመር አይከፋም። ለአራት ሰው ሲካፈል በነፍስ ወከፍ አሥር ሊትር ማለት ነው። የነዳጅ ዋጋ በየጊዜው ስለሚለዋወጥ በብር ከማስላት በሊትር ማስላት ይሻላል። መኪናውን ደብረ ብርሃን ላይ ሞልቶ መውጣት ነው፤ ወደ ገጠሩ ከገቡ በኋላ ማደያ ፍለጋ ጣጣ ነው።

ከዋጋው በፊት ግን ሰላሙን መጠየቅ ይቀድማል። ክልሉ ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ጀምሮ ግጭት ውስጥ በመሆኑ መንገድ የሚዘጋበት ቀን አለ። ከመነሳት በፊት ባለፈው ሳምንት ሳይሆን በዚያው ጠዋት መደወል ነው። መታወቂያ በኬላም በሆቴልም ይጠየቃል። የአንድ ተጨማሪ ሌሊት መኝታና ምግብ የሚሸፍን ገንዘብ ለብቻ ቢቀመጥ ጥሩ ነው። ቴሌብር ከተማ ላይ ይሠራል፤ ወደ ገጠር ሲወጣ ግን ጥሬ ብር የሚያህል የለም፤ እሱም የተዘረዘረ ቢሆን ይመረጣል።

አሁን ወደሚታየው ነገር እንምጣ። ደብረ ብርሃንን በ15ኛው ክፍለ ዘመን የቆረቆሩት ዐፄ ዘርዓ ያዕቆብ ናቸው። ስሟም ያኔ በሰማይ ታየ ከተባለው ብርሃን ጋር ይያያዛል። ከተማዋ 2,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ከአዲስ አበባ ትቀዘቅዛለች። በኅዳርና በታኅሣሥ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ይጋገራል። እንግዶቻችን በቲሸርት ይመጡና ማታውን ጃኬት ፍለጋ ሱቅ ለሱቅ ይዞራሉ። ያልታሰበ ወጪ ማለት ይህ ነው። የብርድ ልብስ ፋብሪካ ያለበት ከተማ መሆኑን ሰምቶ እንኳ የማይጠረጥር ሰው ይገርመኛል። ለብርዱ የአገሬው መድኃኒት አረቄ ነው፤ ለነገው መንገደኛ ግን አልመክርም።

ከደብረ ብርሃን ትንሽ ወደ አዲስ አበባ መለስ ሲሉ አንጎለላ አለ። ዳግማዊ ምኒልክ ነሐሴ 12 ቀን 1836 ዓ.ም. የተወለዱት እዚህ ነው። ለታሪክ ወዳጅ ደስ ይላል። ፎቶ ብቻ ለሚፈልግ ግን ጉልበቱን ለአንኮበር ቢያቆይ ይሻለዋል።

አንኮበር ከደብረ ብርሃን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። እኔ አንድ ቀን ብቻ ላለው ሰው የምመርጥለት እሱን ነው። ደጋው በድንገት ይቆረጥና ከሥር የአፋር ቆላ ይዘረጋል። የሸዋ ነገሥታት መቀመጫ ነበር። በ1841 እ.ኤ.አ. የእንግሊዝ መልእክተኞች ወደዚህ መጥተዋል፤ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውሉን የተፈራረሙት ግን አንጎለላ ላይ ነው። ምኒልክም ወደ እንጦጦ ከመውጣታቸው በፊት ኖረውበታል። ቤተ መንግሥቱ በነበረበት ኮረብታ ላይ ዛሬ ሎጅ ተሠርቷል፤ ወደ ላይ የሚወጣው በእግር ነው። ማደር ባይቻል እንኳ ቡና ጠጥቶ ገደሉን ማየት ይበቃል። ከታች ያለችው አልዩ አምባ የጥንት የነጋዴዎች ገበያ ናት፤ አካባቢው የአርጎባዎች አገር ነው። ወፍ ለሚያይ ሰው ደግሞ ከኢትዮጵያ ሌላ የትም የሌለች፣ በአንኮበር ስም የምትጠራ ትንሽ ወፍ አለች። ጉም ከወረደ ግን ወፉም ገደሉም የለም። ጠዋት በጊዜ መድረስ ነው።

የመንዝ ጓሳ ሌላ ነገር ነው፤ በአንድ ቀን አይሞከርም። ከአዲስ አበባ 260 ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን በደሴ መንገድ ላይ ካለው ጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ አቅጣጫ ይታጠፋል። ከ3,200 እስከ 3,700 ሜትር ከፍታ ያለው የማኅበረሰብ ጥብቅ ሥፍራ ነው። ቀይ ቀበሮና ጭላዳ ዝንጀሮ አሉበት። ሣሩን ለቤት ክዳን የሚጠቀምበት የመንዝ ሕዝብ ነው ለዘመናት የጠበቀው። በድሮው ሥርዓት ቦታው ለዓመታት ይዘጋል፤ ሣሩ ሲደርስ ተከፍቶ ሁሉም ያጭዳል። ያ ሥርዓት በ1967ቱ የመሬት አዋጅ ፈርሶ ነበር፤ ጥበቃው ዛሬም በማኅበረሰቡ እጅ ነው። ለጎብኚ ማረፊያና መሪ አለ፤ የሚከፈለውም ለማኅበረሰቡ ነው። ምግብ ግን ከከተማ ሸምቶ መሄድ ይሻላል። ከመንዝ በግ ጠጉር የሚሠራውን ባና የሚባል ብርድ ልብስ ደግሞ እዚያው ሌሊቱን ሲያዩት ነው ዋጋው የሚገባው።

በርካሽ ለመጓዝ የሚሻ ሰው የመንፈሳዊ ጉዞ ማኅበራትን ቢጠይቅ ጥሩ ነው። በዚህ አገር ከሁሉ የቆየው የቡድን ጉዞ የእነሱ ነው። አውቶቡስ ተከራይተው፣ ትኬት ሸጠው፣ ብዙ ጊዜም ምሳውን ጨምረው ነው የሚወስዱት። በምንጃር በኩል ወደ ሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል የሚሄደው ብዙው ሰው በዚህ መንገድ ነው። ለጥምቀት እዚያው ምንጃር ወዳለው ኢራንቡቲ የሚሄዱም አሉ። አስጎብኚ ድርጅት ግን አይደሉም፤ ፕሮግራሙ ጸሎት ነው፣ አለባበሱም እንደዚያው። ለብቻ ከሚደረግ ጉዞ ጋር ዋጋው አይወዳደርም።

በጓደኛ የሚመጣ ሰው አስቀድሞ መዋጮ ሰብስቦ አንድ ገንዘብ ያዥ ቢመርጥ ከብዙ ንትርክ ይድናል። ረቡዕና ዓርብ ከሆነ የጾም ምግብ ነው፤ ሽሮና በያይነቱ ሒሳቡን ይቀንሰዋል። በፍስኩ ቀን በጥብስ የተነሣ በጀት ሲናድ አይቻለሁ። ክረምቱን፣ በተለይ ሐምሌና ነሐሴን፣ ቢተዉት ይሻላል፤ ጉሙም ጭቃውም አያስመጣም። መስከረም አጋማሽ ካለፈ በኋላ ያሉት ሳምንታት ያማሩ ናቸው፤ አደይ አበባው አለ፣ ብርዱ ገና አልመረረም።

ሁለተኛ ቀን ለተረፈው ወደ ደሴ መንገድ ትንሽ መውረድ ነው። ጣርማ በር ላይ ጣሊያን በወረራው ዘመን የፈለፈለው ዋሻ አለ፤ ርዝመቱ 600 ሜትር ገደማ ነው። ከዋሻው ሲወጡ አገሩ ይለወጣል። ደብረ ሲናን አልፎ ሸዋ ሮቢት ድረስ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም፤ ከ3,000 ሜትር በላይ ተነሥቶ 1,300 ገደማ ላይ መድረስ ነው። ጃኬቱ ይወልቃል፣ ማንጎና ፓፓያ ይመጣል። በመመለሻው ደብረ ሲና ላይ ቆሎ ሻጮቹ መኪናውን ይከብቡታል። ለቤተሰብ የሚሆን ቆሎ መግዣ ቀድሞ መቀመጥ አለበት፤ ባዶ እጅ የገባ ሰው ደብረ ሲናን አልፌ መጣሁ ቢል ማንም አያምነውም።